የእንቁላሉ ብር የት ሄደ? የውጭ የጤና እርዳታና የራሳችን በጀት

አክስቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። የምትኖረው ክፍለ ሀገር ነው። ድሮ መድኃኒቷን የምትገዛው በእንቁላል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች፣ እንቁላሏን ትሸጣለች፣ ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ፋርማሲ ትገባለች። ከዚያ ልጇ ዱባይ ሄደች። ከመጀመሪያው ደመወዟ ጀምራ «ይቺ የመድኃኒት ናት፣ እንዳትነኪያት» እያለች በየወሩ ትልክላት ጀመር። አክስቴም ቃሏን ጠበቀች። የተላከላትን ብር አንድም ቀን ለሌላ ነገር አላዋለችውም።

የእንቁላሉ ብርስ? እሱ ወደ ትንሹ ልጅ ትምህርት ዞረ። ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ጫማ። ማንም ይሄን እንደ ጥፋት አላየውም፤ ጥፋትም አልነበረም። ነገሩ የታየው ልጅቷ ሥራዋን ያጣች ጊዜ ነው። ለሁለት ወር መድኃኒቱ ተቋረጠ። አክስቴ ወደ እንቁላሉ ብር ስትመለስ፣ ብሩ ሌላ ባለቤት አግኝቶ ጠበቃት።

ታዲያ ከዱባይ የመጣው ብር ምን ገዛ? ደረሰኙን ካየን መድኃኒት ገዛ። ቤቱን ካየን ግን ደብተርና ጫማ ነው የገዛው። መድኃኒቱማ ያለ እሱም ይገዛ ነበር።

ስለ ውጭ የጤና እርዳታ ለዓመታት ሲካሄድ የቆየው ክርክር ከዚህ ቤት የራቀ አይደለም። ለጤና ተብሎ ከውጭ የሚመጣ ብር መንግሥት ራሱ ለጤና ከሚያወጣው ላይ ይጨመራል? ወይስ ይተካዋል?

እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በዚሁ ጉዳይ አንድ ጥናት ወጣ። የሃርቫርድና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ነው። ከ1995 እስከ 2006 ያለውን የታዳጊ አገሮች የጤና ወጪ ሰብስበው አዩ። መጀመሪያ ደስ የሚል ነገር አገኙ። መንግሥታቱ ከራሳቸው ኪስ ለጤና የሚያወጡት ገንዘብ በነዚያ ዓመታት በጥቅሉ ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ሁካታ ያስነሳው ሁለተኛው ግኝት ነው። ለመንግሥት በተሰጠ በእያንዳንዱ 1 የጤና እርዳታ ዶላር፣ መንግሥት ከራሱ የሚመድበው ከ43 ሳንቲም እስከ 1 ዶላር ከ14 ሳንቲም ድረስ ቀንሶ ተገኘ። ልዩነቱ ሰፊ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) አኃዞች ስለማይገጥሙ ነው። አቅጣጫው ግን በሁለቱም አንድ ነበር። እርዳታው መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች በኩል ሲገባ ደግሞ ተቃራኒው ታየ፤ የመንግሥት የጤና ወጪ ይጨምራል።

ይሄን ያነበበ ሰው ቶሎ ወደ አንድ መደምደሚያ ይሮጣል። «መንግሥታት እርዳታውን ተቀብለው የራሳቸውን ያነሳሉ፤ እንግዲያው መንግሥትን አልፈን በድርጅት በኩል እንስጥ።» ይሄን አስተሳሰብ አልቀበለውም። ወደ ምክንያቱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ቁጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ እንደገና አገላበጡት። ከሌሎቹ በጣም ወጣ ያሉትን ጥቂት አገሮችና ዓመታት ሲያወጧቸው የመተካቱ ምልክት ጠፋ። ከሥሩ ያለው መረጃም ደካማ እንደሆነ አሳዩ፤ ብዙ አገሮች ላይ የተሞላው ቁጥር ግምት ነው። ስለዚህ «1 ዶላር ሲገባ ይሄን ያህል ሳንቲም ይወጣል» የሚል ለሁሉም አገር የሚሠራ ሒሳብ የለም። ቁርጥ ያለ ቁጥር ይዞ የሚከራከራችሁ ሰው ካለ፣ ከየትኛው አገርና ከየትኛው ዓመት እንዳመጣው ጠይቁት።

መተካቱ መኖሩን ግን አልጠራጠርም። እንዲያውም አንዳንዴ በይፋ ይነገራል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኡጋንዳ ውስጥ የሆነው ይሄ ነበር። የገንዘብ ሚኒስቴሩ ለእያንዳንዱ ዘርፍ ጣሪያ አስቀምጧል። ኤችአይቪን፣ ቲቢንና ወባን ለመዋጋት ከተቋቋመው ከግሎባል ፈንድ የሚመጣው ብር በጤናው ጣሪያ ውስጥ ይቆጠራል አለ። ከውጭ አሥር ከመጣ፣ ከውስጥ አሥር ይነሳል ማለት ነው። የጤና ሰዎች ጮኹ። ልክ ነበሩ። የገንዘብ ሚኒስቴሩም ግን ምክንያት ነበረው። ብዙ ዶላር በአንድ ጊዜ ሲገባ ዋጋና ምንዛሪ ያናጋል። ደግሞስ የዘንድሮ ለጋሽ ከርሞ ቢቀር፣ የተቀጠረውን ሰው ማን ይከፍለዋል?

አይኤምኤፍም የራሱ ድርሻ ነበረው። የድርጅቱ ነጻ የግምገማ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት ከሰሃራ በታች ያሉ 29 አገሮችን ተመልክቶ ነበር። ከ1999 እስከ 2005 በነበሩት ፕሮግራሞች፣ ተጨማሪ እርዳታ ሲመጣ ከ10 ዶላር ወደ 3 ዶላር የሚጠጋው ብቻ ነበር ለወጪ የሚታቀደው። የቀረው የውጭ ምንዛሪ ክምችት እንዲሆን ወይም ዕዳ እንዲያቃልል ነበር የሚፈለገው። ለክሊኒክ የመጣ ብር ካዝና ውስጥ ተኝቶ ሲገኝ፣ ከሚኒስትሩ ጀርባ ሌላ እጅም ነበረ ለማለት ነው።

በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። አብዛኞቹ አልደረሱበትም። እኛም አልደረስንበትም። በነዚያው ዓመታት ነው የክትባቱ ድርጅት ጋቪ፣ ግሎባል ፈንድና የአሜሪካው የኤችአይቪ ፕሮግራም ፔፕፋር ተከታትለው የመጡት። ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን መሄዳቸው አንዱ የሌላው መንስኤ ነው አያሰኝም። ግን ቃሉን ያልጠበቀ መንግሥት ያን ያህል ጭንቅ ውስጥ እንዳይገባ አድርጎታል ብዬ አምናለሁ። ክትባቱ አልጠፋም፣ አጎበሩ አልጠፋም፣ የኤችአይቪ መድኃኒቱ አልጠፋም። ካልጠፋ ደግሞ ማን ይጮሃል?

አሁን ወደ ቤታችን።

የኢትዮጵያ የጤና ወጪ ሒሳብ በየጥቂት ዓመቱ ይሠራል። በ2009ና በ2012 ዓ.ም. ዙሮች የወጣው ምስል ለማስታወስ ቀላል ነው። ሲሶው ከመንግሥት፣ ሲሶው ከውጭ ለጋሾች፣ ሲሶው ሊሞላ ጥቂት የቀረው ደግሞ ከታማሚው ኪስ። ድምሩ ለአንድ ሰው በዓመት ከ40 ዶላር በታች ነበር። ማለትም በአገር ደረጃም ከውጭ የሚላከው ብር፣ እንደ ዱባይዋ ልጅ ብር፣ ከቤቱ ብር እኩል ሲሶ ይዟል።

ግን ሲሶ የሚለው ቃል አንድ ነገር ይደብቃል። ሦስቱ ሲሶዎች አንድ ዓይነት ነገር አይገዙም። የመንግሥቱ ሲሶ በብዛት ደመወዝና ግንባታ ነው። ወረዳ ላይ ወርዳችሁ የጤና በጀቱን ብታዩ አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ለነዳጅና ለወረቀትም አይበቃም። የለጋሹ ሲሶ ደግሞ የሚመጣው በዕቃ ነው። ክትባት፣ የኤችአይቪ፣ የቲቢና የወባ መድኃኒት፣ መመርመሪያ፣ አጎበር። ከዚያ ስልጠና፣ አበልና የመረጃ ሥራ። ስለዚህ «መንግሥት የጤና በጀቱን ቀነሰ ወይ?» ብላችሁ ድምሩን ብቻ ብትጠይቁ፣ መልሱ «አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨመረ» ሊሆን ይችላል። እውነት ነው። ግን መስመር በመስመር ብትሄዱ፣ ለዓመታት የመንግሥት እጅ ያልነካቸው መስመሮች ታገኛላችሁ። መተካቱ ያለው እዚያ ነው።

ለኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ አንድ ተራ የቢሮ ቃል ነው። መደብ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቃታል። መደብ ካለ ሰውየው ቢሄድ ሌላ ይተካል። ደመወዙ በጀት ውስጥ አለ፣ ቁጥር አለው፣ ምክር ቤት ያጸድቀዋል። መደብ ከሌለ ግን ሰውየው ጎበዝም ቢሆን፣ ሥራው የግድም ቢሆን፣ በበጀት ዓይን የለም።

እርዳታ ወደዚህ አገር በምን በኩል እንደሚገባ የሚያወሩ ሰዎች «ቻናል» ይላሉ። ቻናል 1 በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ገብቶ ከመንግሥት በጀት ጋር ክልልና ወረዳ የሚወርደው ነው። ቻናል 2 ለጋሹ በቀጥታ ለጤና ሚኒስቴር የሚሰጠው ነው። ቻናል 3 ለጋሹ ራሱ ወይም ድርጅት ቀጥሮ የሚያሠራበት ነው፤ ብሩ በመንግሥት ካዝና አያልፍም። የላንሴቱ ጥናት በቁጥር የለየው ልዩነት በኛ ቋንቋ ይሄው ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው የኤችአይቪ ገንዘብ ብዙው ለረጅም ጊዜ የገባው በቻናል 3 ነበር። በዚህ በኩል የሚገባ ብር የመንግሥትን በጀት ላይነካው ይችላል፤ ምክንያቱም በጀቱ አያውቀውም። ሲሄድም አያውቀውም። መንግሥትን አልፎ መስጠትን የማልቀበለው ለዚህ ነው። ዛሬ መተካትን ታስቀራለህ። መደብም ግን ሳትተክል ትቀራለህ።

ሁለት ሠራተኞችን ጎን ለጎን አቁማችሁ እዩ።

አንደኛዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ገደማ ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የመንደሩ ሴቶች አንድ ዓመት ሰልጥነው፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። እዚህ ውስጥ የለጋሽ ብር አለ፤ ለስልጠናው፣ ለዕቃው፣ ለማቀዝቀዣው፣ ለክትባቱ። ጤና ኬላውን ብዙ ቦታ ገበሬው ራሱ እንጨትና ጉልበት አዋጥቶ ሠራው። ደመወዟን ግን ከመጀመሪያው መንግሥት ከፈለ። መደብ ነበራት። ደመወዟ ትንሽ ነው፣ ሥራዋ ብዙ ነው፣ ይሄን ማንም አይክድም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝ ያሰሙት ጩኸት መደብ ብቻውን ሆድ እንደማይሞላ አሳይቷል። ቢሆንም ለጋሽ መጣ፣ ለጋሽ ሄደ፣ ልጅቷ ቀበሌዋ ውስጥ አለች።

ሁለተኛዋ የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክሊኒክ ውስጥ በኮንትራት የምትሠራው ናት። ታማሚዎችን የምትከታተል ኬዝ ማናጀር፣ መዝገብ የምትሞላ ዳታ ክለርክ፣ መድኃኒት የሚያቋርጡትን ቤት ድረስ ሄዳ የምትፈልግ። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ከአልጋ ተነስቶ ሥራ እንደገባ ያየን እናውቃለን። በየሰፈሩ ቀብር በየሳምንቱ የነበረበት ጊዜ ነበር። ያ ጊዜ እንዲያልፍ ካደረጉት መካከል እነዚህ የኮንትራት ሠራተኞች አሉበት። ይሄን የምለው እርዳታ ከንቱ ነበር የሚለውን ወሬ ስለማልወደው ነው። እርዳታው ሕይወት አትርፏል፣ ዘመዶቼንም ጭምር። ግን መደብ አልነበራቸውም።

ጥር 12፣ 2017 ዓ.ም. ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ፈረሙ። በቀናት ውስጥ ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ ተበተነ። ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ የጤና ሠራተኞችን ኮንትራት አቋረጠ። የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ራሱ በሰኔ 24፣ 2017 ዓ.ም. በይፋ ተዘጋ። የኤችአይቪ መድኃኒት እንዲቀጥል ልዩ ፈቃድ በኋላ ቢመጣም፣ ሰዎቹ ግን ተበትነው ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ ስሙን ልተወው። የኤአርቲ ክፍሉ ከሌላው ክፍል ይለያል። ግድግዳው ቀለም የተቀባ ነው፣ ኮምፒውተር አለው፣ ሼልፉ ላይ ፋይሎች በቁጥር ተደርድረዋል። በር ላይ የለጋሹ አርማ ያለበት ስቲከር ዳሩ ተልጦ ቀርቷል። ነርሷ መዝገቡን ከፍታ አሳየችኝ። እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ ክብ ክብ ያለ፣ ከመስመር የማይወጣ። ከዚያ ባዶ ገጽ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ይጀምራል፤ የተጣደፈ፣ አንዳንድ ሳጥን የተዘለለበት። «ይሄ የኔ ነው» አለችኝ። «ጠዋት ተመላላሽ አያለሁ። ከሰዓት ይሄን እሞላለሁ። የቀሩትን መደወል ግን አልቻልኩም።» የቀሩት ማለት ለቀጠሮ ያልመጡት ናቸው። የእነሱን ስም በእርሳስ አክብባው አየሁ።

እንግዲህ መንግሥት አሁን ይተካ ይባላል። ትክክል ነው፤ መተካት አለበት። ግን ጊዜው ከባድ ነው። ከሐምሌ 22፣ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። እስከዚያ ቀን ድረስ 1 ዶላር ከ60 ብር በታች ነበር፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። መድኃኒቱ የሚገዛው በዶላር ነው። ስለዚህ የጠፋውን ያንኑ 1 ዶላር ለመተካት ከበፊቱ እጥፍ ብር ማውጣት የግድ ሊሆን ነው። ይሄ ሁሉ ደግሞ መንግሥት ወጪህን ቆጥብ እየተባለ ባለበት ወቅት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት በትንሽ በትንሹ መሸከም ይቻል የነበረው ጭነት፣ በአንድ ሌሊት ትከሻ ላይ ሲወርድ ማለት ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ? የናይጄሪያ ምክር ቤት የአሜሪካ ብር በቆመ በሳምንታት ውስጥ በ2025 (እ.ኤ.አ.) በጀት ላይ 200 ሚሊዮን ዶላር ለጤና ጨመረ። የጋናው ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ጋና ከሚሸጥ ዕቃና አገልግሎት ላይ ለጤና መድኅን ተብሎ የሚሰበሰብ ልዩ ቀረጥ አላት። ግን ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወጣ ሕግ ጣሪያ ተደርጎበት፣ ከተሰበሰበው ውስጥ የተወሰነው ወደ ሌላ ወጪ ይሄድ ነበር። በ2025 መንግሥቱ ጣሪያውን አነሳው። ልብ በሉ፤ ሕዝቡ ለጤና ብሎ ይከፍል ነበር፣ ብሩም ነበር። የእንቁላሉ ብር ዱካው ሲፈለግ እንዲህ ይገኛል።

እኛም ጋ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ የሚናገር ተሞክሮ አለ። ጤና ጣቢያዎች ከካርድና ከመድኃኒት የሚያገኙትን ገቢ ለራሳቸው እንዲጠቀሙ ሲፈቀድ፣ የውስጥ ገቢው በበጀቱ ላይ ተጨማሪ ነው፣ ምትክ አይደለም የሚል ደንብ አብሮ ወጥቷል። ደንቡ የተጻፈው ፈተናው ስለሚታወቅ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ጥሩ ሲያስገባ ያየ ወረዳ፣ «እናንተማ አላችሁ» ብሎ የሥራ ማስኬጃውን ወደ መንገድ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ማዞር ይመጣበታል። ዋሽንግተንና አዲስ አበባ መካከል የሚሆነው ወረዳና ጤና ጣቢያ መካከልም ይሆናል። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ በነበረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራምም ለጋሾቹ ብሩን ሲሰጡ የፌዴራሉ ድጎማ ለክልሎች እያደገ መሆኑን ያዩ ነበር። የእንቁላሉን ብር አብሮ መቁጠር ማለት ይሄ ነው።

አሁን የመጣው አዲስ ዓይነት ስምምነት ይሄንኑ በግልጽ ይዟል። አሜሪካ ከየአገሩ ጋር ለብቻ እየተፈራረመች ነው። ኬንያ በኅዳር 25፣ 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሆና ፈረመች። በአምስት ዓመት አሜሪካ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ልትሰጥ፣ ኬንያ የራሷን የጤና ወጪ በ850 ሚሊዮን ዶላር ልትጨምር። ኢትዮጵያም በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ስምምነት ፈርማለች። ጋቪ ይሄን በክትባት ከጀመረው ቆይቷል፤ በጣም ድሃ የሚባሉት አገሮችም ለአንድ ዶዝ ቢያንስ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ከራሳቸው እንዲከፍሉ ያደርጋል። 20 ሳንቲም ምን ዋጋ አለው የሚሉ ሰዎች አሉ። ለኔ ዋጋው ትልቅ ነው። የክትባት መስመር በበጀት ሰነድ ላይ አለ ማለት ነው። ባለቤት አለው፣ ሲቀነስ ይታያል፣ ሰው ይጠይቅበታል።

አክስቴም ይሄን በራሷ መንገድ ደርሳበታለች። ልጇ ሥራ አግኝታ እንደገና መላክ ጀምራለች። አክስቴ ግን የወሩን መድኃኒት ሁሉ በተላከው አትገዛም። የአሥር ቀኑን ከእንቁላሉ ነው የምትገዛው።

የምሰጋው በስምምነቶቹ ላይ ያለው ቃል በጥቅል ዶላር መጻፉ ነው። 850 ሚሊዮን ዶላር በግንባታም ሊሞላ ይችላል። ለሆስፒታል ሕንጻ የወጣ ብር የመንግሥት የጤና ወጪ ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩን ያሳምራል። ያቺ ቤት ለቤት ሄዳ ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው የምትፈልገው ሴት ግን እዚያ ቁጥር ውስጥ ላትኖር ትችላለች። ስንት መደብ? በየትኛው ጤና ጣቢያ? ከየትኛው ወር ጀምሮ በመንግሥት ደመወዝ? እንዲህ ተብሎ ካልተጻፈ፣ አምስት ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና እዚያው ነን።

ያን ቀን ከጤና ጣቢያው ከመውጣቴ በፊት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ለሚቀጥለው ዓመት ለወረዳው የሚያቀርበው የበጀት ጥያቄ ተዘርግቷል። በጣቱ አንድ መስመር ላይ ወረደና አሳየኝ። «የመረጃ ባለሙያ፣ ብዛት 1» ይላል። ከጎኑ ያለው «ነባር» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው፤ «አዲስ የሚጠየቅ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጓል።

«ይፈቅዱልሃል?» አልኩት።

«አምና ጽፌ አልፈቀዱም» አለኝ። «ዘንድሮም ጽፌያታለሁ።»